ምንጩን የዘጋው ግራር

አንድ ጊዜ ሰማዩ ጨክኖ ወንዙም ጅረቱም በደረቀበት አገር፣ ለአራዊቱ የተረፈቻቸው በጠባብ ገደል ውስጥ ያለች አንዲት ምንጭ ብቻ ነበረች። አንበሳም «እስኪዘንብ ድረስ ማንም ማንንም እንዳይበላ» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ስለዚህ አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ፣ ከጅብ ጋር በአንድ መንገድ ውሃ ትወርድ ጀመር። ዓይኗ ግን ከጅብ ላይ አይነቀልም ነበር።

አንድ ቀን በማለዳ አራዊቱ ሁሉ ሲወርዱ፣ ትልቅ ግራር ከነእሾሁ ወድቆ የገደሉን አፍ ግጥም አድርጎ ዘግቶት አገኙ። የአህያ ጡት ከነጠፈ ሰንብቷል። የውርንጭላው ጉልበት ይብረከረካል፤ ዛሬ ውሃ ካልቀመሰ ማታን እንደማይደርስ እናቱ አውቃለች።

«ምን እንጠብቃለን? እንሳበው እንጂ» አለች።

«ቆይ፣ ቆይ እመት አህያ» አለ ቀበሮ። «ምንነቱ ሳይታወቅ እንዴት ይነካል? መጀመሪያ ስሙ ይለይ።»

አንበሳ ደግሞ ችሎት ይወዳል። ከገደሉ አጠገብ ካለው ሾላ ጥላ ሥር ተሰየመና ክርክሩ ተጀመረ።

«እንቅፋት ነው» አለ ጎሽ። «እንቅፋት የመታው ያንሳው። እኔን አልመታኝም።»

«ኧረ መሰናክል ነው» አለ ዝንጀሮ። «መሰናክል ይዘለላል እንጂ አይነሳም።» እስቲ ዝለለው ቢሉት ግን እሾሁን አየና ቂጡን እያከከ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ጋሬጣ ነው፤ ጋሬጣ በደቦ ይጠረጋል» አለች ከርከሮ።

«ደቦ ከሆነ ደጋሹ ማን ነው?» አለ ጅብ። «ምን ልንበላ ነው?» 

ቀበሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናንተ የዋሆች ናችሁ። ይህ ደንቃራ ነው። ክፉ ሰው አስደግሞበት መንገድ ላይ የጣለው ነው። የነካው ይደርቃል፣ የተሻገረው ያብዳል።»

ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አንበሳም ደንገጥ ብሎ፣ «እንግዲያው ስሙ ተመርምሮ እስኪጸድቅ ማንም አይንካው። የነካው ለጅብ ይሰጣል» ሲል ፈረደ። ጅብ አህያን አየና ምራቁን ዋጠ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣም ክርክሩ አላለቀም። ውርንጭላው ተኝቷል። ቀበሮ በአጠገቡ ሲያልፍ ግን አፍንጫውን ቀና አደረገ።

«እማዬ፣ የአያ ቀበሮ ጢም ውሃ ውሃ ይሸታል።»

አህያ ዞር ብላ አየች። በቀበሮ አገጭ ላይ ያልደረቀ ጭቃ አለ። ከግራሩ ሥርም ቀበሮን ብቻ የምታሾልክ ቀዳዳ አለች።  ለጉባኤው ልንገር ብትል፣ እሱም ሌላ ክርክር ሆኖ ይመሻል። ግራሩን ብትነካ ጅብ አለ፤ ባትነካ ጥም አለ። ተነስታ ወደ ግራሩ ሄደች።

«ሳቢው እመት አህያ፣ አይዞሽ» አለ ጅብ ተከትሏት። «ውርንጭላውን እኔ እጠብቅልሻለሁ።»

እሷ ግን ግንዱን በጥርሷ ነክሳ ወደ ኋላ ሳበች። እሾሁ ከንፈሯን ቀደደው። ደሟ እየተንጠባጠበ እንደገና ሳበች። ግራሩ ተንሸራተተ፤ ማለፊያም ተከፈተ። ውርንጭላው እየተንገዳገደ ገባ።

ጅብ ወደ ችሎቱ ሮጠ። «ጌታዬ፣ ነክታለች! ድርሻዬ ይሰጠኝ!»

አህያ ቀርባ እጅ ነሳች። «ጌታዬ፣ መንካቱን ነክቻለሁ። ከሳሼ የነካሁትን በስሙ ይጥራና ልቀጣ።»

«ደግ ብላለች» አለ አንበሳ። «ጥራው።»

«ያንን... ያንን የወደቀውን...» ጅብ ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮ ሹክ አለው። «ደንቃራውን!» አለ ጅብ።

«መቼ ጸደቀና?» ብሎ ጎሽ ተቆጣ። «እንቅፋት ነው ብያለሁ።»

«መሰናክል ነው» አለ ዝንጀሮ። ከርከሮም ጋሬጣዋን ይዛ ተነሳች። ጉባኤው እንደ አዲስ ጦፈ።

አህያ ፍርዱን አልጠበቀችም፤ ወደ ልጇ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ከገደሉ ውስጥ ውሃ የሚጠጣ ውርንጭላ ድምፅ ተሰማ። አንበሳ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ነበርና፣ ክርክሩ መሐል ላይ እያለ ተነስቶ ወደ ምንጩ ወረደ። ጎሽ ተከተለው፣ ከዚያ ከርከሮ፣ ከዚያ ዝንጀሮ።

ከሾላው ሥር ጅብና ቀበሮ ብቻ ቀሩ።

«ታዲያ ስሙ ማን ተባለ?» አለ ጅብ።

ቀበሮ አንገቱን ወደ ገደሉ አሰገገ። ለብቻው ይጠጣባት የነበረችው ምንጭ በጎሽ ኮቴ ስትደፈርስ ያያል።

ከዚህ የምንማረው መንገድ የዘጋ ነገር ስም በማውጣት እንደማይነሳ፣ የቸገረው ግን ስሙን ሳይጠይቅ ጎትቶ ለሁሉም እንደሚከፍተው ነው።