ከበሬ የወፈረው የአያ ጅቦ «ድምፅ»

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በስልክ ይነጋገሩ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ሁለት መስመሮች ተዘርግተው ነበር፤ አንዱ ለድምፅ፣ ሌላው ለፎቶና ለደብዳቤ። ንጉሡ አንበሳ ግን «ሁለት መስመር መጠበቅ ሰለቸኝ» ብሎ ሁሉም በአንዱ እንዲያልፍ አዘዘ። መልእክቱ ሁሉ የሚያልፍበትን የማከፋፈያ ሳጥን እንዲቆጣጠር ቀበሮ ተሾመ።

በሦስተኛው ቀን አያ ጅቦ የሞተ በሬ አገኘ። እየበላ፣ በሬውን ከቀንዱ እስከ ጭራው ፎቶ እያነሳ ለዘመዶቹ ይልክ ጀመር። በዚያው ሰዓት ጦጢት ከተራራው ጫፍ ሆና ደራሽ ውሃ ሲመጣ አየች። ወንዝ ዳር ከሁለት ውርንጭላዎቿ ጋር ለምትግጠው አህያም ደወለች።

«ጎርፍ መጣ፣ ውጡ» አለቻት።

መስመሩ በበሬው ፎቶ ተጨናንቆ ስለነበር ለአህያ የደረሳት «…ርፍ… ጡ» የሚል ብቻ ነበር።

«‹እረፉ፣ ጠጡ› ነው ያለችን» አለችና ውርንጭላዎቿን ወደ ውሃው ይዛ ወረደች። ጎርፉ ሲደርስ ሁለቱን በአፍንጫዋ ገፍታ ወደ ዳር አወጣቻቸው። እሷን ግን ይዟት ሄደ፤ ከታችኛው መታጠፊያ ላይ እግሯ ተሰብሮ ተገኘች።

አንበሳ ጉባኤ ጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ ፎቶ መላክ ክልክል ነው» አለ።

«ንጉሥ ሆይ» አለ ቀበሮ፣ «መስመሩ ለሁላችንም ይበቃል። ፎቶ ቢቆይም ያው ፎቶ ነው፤ የዘገየ ድምፅ ግን ለማንም አይሆንም። ድምፅ የሚልክ ሁሉ ምልክት ይለጥፍበት፤ እኔም አስቀድሜ አሳልፈዋለሁ። ፎቶው ተራውን ይጠብቅ።»

አንበሳ ተስማማ። አያ ጅቦም ተስማማ፤ ቤቱ ገብቶም በፎቶዎቹ ሁሉ ላይ የድምፅ ምልክት ለጠፈ።

በማግስቱ ንግግሩ ሁሉ እንደገና ተቆራረጠ። ቀበሮ የጅቡ ዋሻ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«አያ ጅቦ፣ ዛሬ ወሬ አብዝተሃል።»

«አዎ፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ስናወራ ዋልን።»

«ድምፅ ቀጭን ነው፣ በመርፌ ቀዳዳ ያልፋል። ያንተ ድምፅ ግን በሬ ያክላል።»

ጅብ ብዙ አሰበና «በሬውማ በሬ ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቀበሮ የላኪውን ምልክት ማመን ተወ። የሚመጣውን ሁሉ ራሱ እየመዘነ ምልክቱን ራሱ ይለጥፍ ጀመር። ወሬኞች መስመሩን በድምፅ ሞልተው ደብዳቤውን እንዳያስቀሩትም ከመስመሩ ለፎቶና ለደብዳቤ የሚሆን ድርሻ ለየ።

አንድ ቀን አያ ጅቦ የሞተ ግመል ፎቶ አንስቶ ላከና ሌላ ሊያነሳ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ዝናብ እየዘነበ ነበር፤ ውሃው እስከ ደረቱ ደረሰ። ስልኩን አውጥቶ ለቀበሮ ደወለ። ዘመዶቹ በዚያ ሰዓት መስመሩን በፎቶ ሞልተውት ነበር፤ የእሱ ጩኸት ግን ሁሉንም አልፎ፣ አንዲት ቃል ሳይጎድለው ቀበሮ ጆሮ ገባ። ቀበሮም ዝንጀሮዎችን አስከትሎ መጣና ሐረግ ጣለለት።

ጅብ ሐረጉን ነክሶ ከወጣ በኋላ፣ ውሃውን ከላዩ እያራገፈ፣ «የግመሉ ፎቶስ ደረሰ?» ሲል ጠየቀ።

«ገና ተራ ላይ ነው፤ ይደርሳል» አለ ቀበሮ።

ከዚህ የምንማረው፣ በጋራ መንገድ ላይ መቆየት የሚችለው መቆየት የማይችለውን ቢያስቀድም ሁለቱም በሰላም እንደሚደርሱ ነው።