ግራ ጣባ ውስጥ የቀረችው ባቄላ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሽንኩርት የሚተክል ገበሬ» አሉ ቲቸር አጸደ፣ ጥያቄዬን ጨርሼ ትንፋሼን እንኳ ሳልሰበስብ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ምርጫው ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ለእኔ ደግሞ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ስልኬ ላይ ሠላሳ ጥያቄ የሚጠይቅ ገጽ አገኘሁ። «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» የሚለውን መንካት ብቻ ነው። ስጨርስ አንድ የፓርቲ ስም በትልቁ ብቅ አለ፤ ከሥሩ «ከመቶ ሰማንያ ሰባት ትገጥማላችሁ!» ይላል። ዘለልኩ! ሰፈሩን አቋርጬ እየሮጥኩ ቲቸር አጸደ ቤት ገባሁ። ሒሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ቁጥር ሲሰሙ ግን ዛሬም ዓይናቸው ይበራል። «ቲቸር፣ ሰማንያ ሰባት አመጣሁ! በቃ እሱን ልምረጥ አይደል?» አልኳቸው። ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ጎመኑን ገፋ አደረጉና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቁጭ በይ ማኅደር! ይሄ በቁም የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው ያመጣሽልኝ በእናትሽ! ስልክሽን አስቀምጪው፣ አይበርም። ደግሞ እንዳታቋርጪኝ፤ ክፍል ውስጥም አመልሽ ይኸው ነበር።»

ከዚያ ታሪኩን ነገሩኝ። በራሳቸው አፍ ላስቀምጠው።

አንድ ሰው ነበረ አልኩሽ። አገሩ ከአንድ ምንጭ በተጠለፈ ቦይ የሚያጠጣ አገር ነው። አርባ አንድ አባወራ፣ አንድ ቦይ። ውሃው ከምንጩ ይነሳና ራስጌ ካሉት ማሳዎች ይጀምራል፤ እየዞረ፣ እየወረደ ግርጌ ይደርሳል። የዚህ ገበሬ ማሳ የት ነው? የግርጌ ግርጌ! ከእሱ ማሳ ቀጥሎ ገደል ነው። ከዚያች ማሳ በቀር ሌላ መሬት የለውም። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚያድሩት በዚያች ሽንኩርት ነው። ይህን ያዢልኝ፣ በኋላ ትፈልጊዋለሽ።

በዚያ አገር በየዓመቱ ኅዳር ላይ የውሃ አባት ይመረጣል። የውሃ አባት ማለት ተራ የሚያወጣ፣ ውሃ የሰረቀውን የሚቀጣ፣ ቦይ የሚያስጠርግ ሰው ነው። አመራረጣቸው ደግሞ እንዴት ያምራል መሰለሽ! እያንዳንዱ አባወራ አካፋውን ተሸክሞ ይመጣና በሚመርጠው ሰው እግር ሥር ያስቀምጣል። «ይህን አካፋ ዓመቱን ሙሉ እዘዝበት» ማለቱ ነው። አንዴ ካስቀመጠ በኋላ ማንሳት የለም፤ ነውር ነው። ተራውም እንደ ውሃው ነው፤ ከራስጌ ተጀምሮ ግርጌ ያልቃል።

ያን ዓመት ሁለት ሰዎች ለምርጫ ቀረቡ። አንዱ ባለጠጋ ነው፤ ማሳው ራስጌ፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ሰው አክባሪ። ሌላው አገሬው ነገረኛ የሚለው ሰውዬ ነው፤ ሰርግ ላይ ሳይቀር የሚከራከር፣ ማሳው መሀል አካባቢ የሆነ።

ገበያ ላይ ደግሞ እህል የሚሰፍር ሰው ነበረ። ቁና ሲሰፍር ለወንድሙም አያዳላም፣ አገር ያመነው ነው። ይህ ሰፋሪ አንድ ብልሃት አመጣ። ስለ ውሃው አሥር ጥያቄ አዘጋጀና ሁለቱንም ተወዳዳሪዎች ጠየቃቸው፤ መልሳቸውንም በቃሉ ያዘ። ከዚያ ሁለት ጣባና አንድ ቁና የተቆላ ባቄላ ይዞ ገበያ መሀል ቁጭ አለ። «ልባችሁ ከማን ጋር እንደሆነ ኑ ልንገራችሁ!» አለ።

ገበያው ተተራመሰ! በሬ ሊሸጥ የመጣው ሰውዬ በሬውን ለጎረቤቱ አስይዞ ተሰለፈ። ሰፋሪው ይጠይቃል፣ ገበሬው ይመልሳል። መልሱ ከባለጠጋው መልስ ጋር ከገጠመ አንድ ባቄላ ቀኝ ጣባ ውስጥ ጠብ ትላለች፤ ካልገጠመ ግራ ጣባ ውስጥ። ለነገረኛውም እንዲሁ እንደገና ይሰፈራል። ታዲያ ወዲያው አንድ ልማድ ተፈጠረ። ባቄላው የተቆላ ነው ብዬሻለሁ። የቀኙ ጣባ ይቆጠራል፤ የግራው ግን ለባለቤቱ ይሰጠውና እየቆረጠመ ይሄዳል! ያልገጠመውን ማን ይቆጥራል? ቆሎ ነዋ!

የሽንኩርት ገበሬው ተራ ደረሰ። በመጀመሪያ ለባለጠጋው ተሰፈረለት።

«ከብት ቦይ ውስጥ ገብቶ ይጠጣ?»

«አይጠጣ!» ጠብ፣ ቀኝ።

«ቦይ ዳር ባሕር ዛፍ ይተከል?»

«ውሃውን መጥጦ ሊጨርሰው? አይተከል!» ጠብ፣ ቀኝ።

«ለጠረጋ ያልመጣ ይቀጣ?» «ይቀጣ!» «ባሏ የሞተባት ሴት ተራዋን በራሷ ስም ታግኝ?» «ታግኝ እንጂ!» ቀኝ፣ ቀኝ! ሰውየውን ላብ አጠመቀው። ሕዝቡ ከበበው፤ ባቄላ ቀኝ ጣባ ውስጥ በወደቀች ቁጥር «እሰይ!» ይላል። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ! አሥረኛው ጥያቄ መጣ። «ውሃ ያነሰ እንደሆነ ተራው ከየት ይጀምር፣ ከራስጌ ወይስ ከግርጌ?»

«ከግርጌ ነዋ» አለ ገበሬው። ጠብ፣ ግራ።

ማን ልብ አለው? ክረምቱ ጥሩ ነበር፤ ምንጩ እየፎከረ ነው የሚወርደው። «ዘጠኝ!» ብሎ ሕዝቡ ጮኸ። በዚያ ቀን ዘጠኝ ያገኘ ሰው አልነበረማ! ለነገረኛው ሲሰፈርለት አምስት ብቻ ሆነ፤ ያቺ አሥረኛዋ ከአምስቱ አንዷ ነበረች፤ በአምስቱ ላይ ሕዝቡ ሳቀ። ሰፋሪው ከባለጠጋው ጋር ያልገጠመችውን ያቺን አንዲት ባቄላ መዳፉ ላይ አኖረለት። ገበሬውም ቀጭ አድርጎ ቆረጠማት።

እየዘለለ ቤቱ ገባ። ልክ አንቺ አሁን በእኔ በር እንደገባሽው!

«ዘጠኝ አመጣሁ!» አላት ሚስቱን። «እኔና ባለጠጋው ለካ አንድ ልብ ነን!»

«አሥረኛዋስ?» አለችው።

«አንዲት ባቄላ ናት፤ በላኋት።»

«አዬ ሆዳም! ለእኔ እንኳ ሳታስቀር?» አለችና ተሳሳቁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነታቸውን ነው።

የምርጫው ቀን ደረሰ። አካፋ ከራስጌ ጀምሮ መቀመጥ ያዘ። ለባለጠጋው ሦስት፣ ለነገረኛው ሁለት፤ ለባለጠጋው አሥር፣ ለነገረኛው አሥራ አንድ። ሰው ቆሞ ይቆጥራል፣ ልብ ይመታል። አርባ አካፋ ተቀመጠ፤ ሃያ ለሃያ! አንድ አካፋ ቀረ። የማን? የግርጌው የግርጌ ሰው! ነገረኛው ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ገበሬው በዕድሜው እንደዚያ ቀን ታይቶ አያውቅም። ደረቱን ነፍቶ ሄደና አካፋውን በባለጠጋው እግር ሥር አስቀመጠ። እልልታው አገር አናወጠ!

ባለጠጋውም ጥሩ የውሃ አባት ወጣው፤ ውሸት አልናገርም። ቦዩን አስጠረገ፣ ከብት አስከለከለ፣ ሰነፉን ቀጣ። መጋቢት ሲገባ ግን ምንጩ ቀጠነ፤ ያውም ሽንኩርቱ ሥሩን መቋጠር በጀመረበት ሰዓት! የውሃ አባቱ ሰዎቹን ሰበሰበና «እንግዲህ ውሃው አንሷል፤ ተራው ከራስጌ ይጀምራል» አለ። ውሃው ወረደ፣ ወረደ፤ ሠላሳኛው ማሳ ላይ ሲደርስ አለቀ። አንድ ሳምንት እንዲህ ሆነ፣ ሁለተኛው ሳምንትም ደገመ። የገበሬው ሽንኩርት ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተኛ። ልጆቹ በእንስራ ውሃ እየተሸከሙ ሥሩ ሊያፈሱ ሞከሩ፤ በእንስራ ስንቱን ታዳርሺዋለሽ!

ገበሬው ወደ ባለጠጋው ሮጠ። «ከዳኸኝ!» ብሎ ጮኸበት። «አንድ ልብ አልነበርንም ወይ? ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?»

ባለጠጋው ከተቀመጠበት ተነሳ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም አዘነ። «ወንድሜ፣ ከብት ቦይ ገብቶ አይተሃል?» አለው።

«አላየሁም።»

«ባሕር ዛፍ ተተክሏል?»

«አልተተከለም።»

«ባሏ የሞተባት ጎረቤትህ ተራዋን ተነጥቃለች?»

«አልተነጠቀችም።»

«ካልኩት ሁሉ ያጠፍኩት ቃል አለ?»

«የለም» አለ ገበሬው፣ ድምፁ እየወረደ።

«ይህንንም ብያለሁ። ሰፋሪው ሲጠይቀኝ የራስጌው አፈር ድንጋያማ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ውሃ ሲያንስ ከራስጌ ይጀመር አልኩት። ዛሬም የማምነው እሱን ነው። አንተ ምን ብለህ ነበር?»

«ከግርጌ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ያቺን ባቄላ ምን አደረግሃት?»

ገበሬው አንገቱን ደፋ። «ቆረጠምኳት» አለ።

ቲቸር አጸደ እዚህ ላይ ከገፉት ጎመን አንድ ግንድ አነሱ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ።

«ትስቂያለሽ?» አሉ፣ በጎመኑ ግንድ እየጠቆሙኝ። «እሱ ሰውዬ እኮ አንቺ ነሽ! ስልክሽ ደግሞ ያ ሰፋሪ ነው። አልዋሸሽም፤ እንዲያውም ጎሽ የሚያሰኝ ሥራ ነው የሠራው! በእኛ ጊዜ ማን ምን እንደሚል ሳናውቅ፣ ሰው ወደ ሄደበት ነበር የምንሄደው። ሰማንያ ሰባት ካለሽም ሰማንያ ሰባት ነው፤ ሒሳቡን እኔ እመሰክርለታለሁ። ፓርቲውም ላይዋሽ ይችላል። ያለውን ሠላሳውንም ነገር ይፈጽማል እንበል። እኔን የሚያስፈራኝ መፈጸሙ ነው! ሰፋሪ ባቄላ ይቆጥራል እንጂ የትኛዋ ባቄላ ማሳሽን እንደምታጠጣ አያውቅም። ለእሱ ሁሉም አንድ አንድ ናቸው። ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። በይ አሁን ሒሳብ! ከሠላሳው ስንቱ ገጠመ?»

«ሃያ ስድስት።»

«ግራ ጣባ ውስጥስ?»

«አራት።»

«አምጫቸዋ! አንብቢልኝ!»

ስልኬን አነሳሁ። አራቱን ፈልጌ ለማግኘት ብዙ ወደ ታች መውረድ ነበረብኝ። «አንደኛ፣ አዲስ ስታዲየም ይሠራ። እነሱ ይሠራ፣ እኔ አይሠራ።»

«ኳስ ታያለሽ?»

«አላይም።»

«ቆርጥሚያት!»

«ሁለተኛ፣ መሥሪያ ቤቶች ቅዳሜ ሙሉ ቀን ይከፈቱ።»

«ቆርጥሚያት!»

«ሦስተኛ፣ የመኪና ቀረጥ ይቀነስ።»

«መኪና አለሽ እንዴ? ቆርጥሚያት!» ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

«አራተኛ...» አልኩና ቆምኩ። የተጻፈው እንዲህ ነበር፦ «መንገድ ዳር የሚነግዱ ሰዎች ሙሉ በሙሉ ይነሱ።» እነሱ «እስማማለሁ»፣ እኔ «አልስማማም»። ትዝ አለኝ፤ ያን ጥያቄ ሳልቆም ነው ነክቼው ያለፍኩት። ቀጥሎ የሚመጣውን ለማየት ቸኩዬ ነበር።

«እናትሽ አሁን የት ናት?» አሉኝ ቲቸር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«መናኸሪያው በር ላይ» አልኩ። «ድንችና ካሮቷን ማዳበሪያ ላይ ዘርግታ።»

አሥራ አምስት ዓመት እዚያ ናት። ደብተሬ፣ ዩኒፎርሜ፣ በእጄ የያዝኩት ይህ ስልክ ሳይቀር ከዚያች ማዳበሪያ ላይ ነው የተነሳው። «እንግዲያው አልምረጠው ቲቸር?» አልኳቸው።

ጉልበታቸውን በጥፊ መቱት። «እኔ ምን አገባኝ! ምረጪው አላልኩ፣ አትምረጪው አላልኩ! ምናልባት ሃያ ስድስቱ ይከብዱብሽ ይሆናል፤ ምናልባት አንዷ። መንገዱ ይጽዳ የሚሉትም የራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል። ሄደሽ ጠይቂያቸው፤ ሻጮቹን አንስተው የት ሊያደርሷቸው ነው? እናትሽንም ጠይቂያት። ሠላሳውንም አንብቢላት፤ የእሷ ጣባ ምን እንደሚል እስቲ እንይ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ያ ምስኪን ግን አፍሶ የሚለቅመው እንኳ አልነበረውም። ብቻ አይተሽ ቆርጥሚ ነው የምልሽ።»

ተነስቼ በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ማኅደር! ያ ሰው የነቃው አካፋውን ካስቀመጠ በኋላ ነው። ያንቺ አካፋ ገና ትከሻሽ ላይ ነው! አራት ቀን ሙሉ አለሽ፤ ምን ትገተሪያለሽ? ሩጪ!»

ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ።