ሰላምታ አድራሿ ካርዳን

እስቲ ቀረብ በሉ። ብረት አፍ አውጥቶ በሚያወራበት፣ ጎማ በሚያኮርፍበት ዘመን የሆነውን ልንገራችሁ። ድሮ ነው፤ በጣም ድሮ ግን አይደለም፤ መኪና አገራችን ከገባ ወዲህ ነው።

በአራቱም እግሯ የምትጎትት አንዲት መኪና ነበረች። ባለቤቷ ወይዘሮ እልፍነሽ ትባላለች፤ ወደ ቆላ እየወረደች ለከብቶች መድኃኒት ታደርሳለች። በመኪናዋ ሆድ ሥር ካርዳን የሚሏት ረጅም የብረት ዘንግ ትኖር ነበር። ከፊቷ አያ ካምቢዮ አለ፤ ማርሽ የሚቀያይረው ሽማግሌ ማለት ነው። ከኋላዋ አያ ዲፈረንሻል አለ፤ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው ጎረምሳ ማለት ነው። ካርዳን በሁለቱ መሃል እየዞረች የአንዱን ጉልበት ለሌላው ታደርሳለች። ጉልበት ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ሰላምታም ታደርሳለች።

ጠዋት ጠዋት አያ ካምቢዮ ከላይ ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደርክ?» ይላል። አያ ዲፈረንሻል ከታች በዚያው ልክ ቀና ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» ይላል። አንዱ ያጎነበሰውን ያህል ሌላው ቀና እስካለ ድረስ የካርዳን ድምፅ አይሰማም። እሷን እንዴት አደርሽ የሚላት አልነበረም። የሁለቱ ሰላምታ በሷ በኩል ስለሚያልፍ ግን የራሷ አድርጋ ትቆጥረው ነበር።

አንድ ክረምት ወንዝ ሞላና ወይዘሮ እልፍነሽን ሦስት ቀን አገታት። እሷም ተናደደችና «ይቺን መኪና ከፍ አድርጉልኝ» አለች። ከፍ አደረጉላት። በባሌስትራውና በኋላው እግር መሃል ወፍራም ብረት ከተቱ፤ ባሌስትራ መኪናዋን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት ማለት ነው፤ መኪናዋ ተመዘዘች፤ ወንዙንም ተሻገረች። አያ ዲፈረንሻል ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አፍንጫው ወደ መሬት ዞረ።

አያ ካምቢዮ እንደ ልማዱ «እንዴት አደርክ?» አለ። መልስ የለም። በሁለተኛው ቀንም አለ፤ መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን «ይሄ ልጅ ዘጋኝ ማለት ነው» ብሎ አዘነ። አያ ዲፈረንሻልም ከታች ሆኖ «ከፍ ካሉ ወዲህ ናቁኝ፤ ፊታቸውን ካየሁ ቆየሁ» ይላል።

ካርዳን ሁለቱንም ትሰማለች። «አያ ዲፈረንሻል፣ አያ ካምቢዮ ሰላም እያሉህ እኮ ነው» አለችው።

«አንቺ ምን አገባሽ? ዝም ብለሽ ዙሪ» አላት።

እሷም ዝም ብላ ዞረች። ከሥሯ አቧራ ያልፋል፣ ጠጠር ያልፋል፤ የሚያናግራት የለም። ብቸኝነት እንዲህ ነው፤ ሰው በሁለት ዘመድ መሃል ቆሞም ይመጣበታል። መኪናዋ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ስትነዳ ደህና ነበረች። ስድሳ ላይም ደህና ነበረች። ሰማንያ ስትደርስ ግን ካርዳን ተንቀጠቀጠች፤ ከሷም ወለሉ፣ ከወለሉም ወንበሩ፣ ከወንበሩም የመድኃኒቱ ጠርሙስ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ወይዘሮ እልፍነሽ ጋሽ ሸዋንግዛው የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ሰማንያ ስደርስ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጥብኛለች። ፒስታ ላይ ምንም አትል፤ አስፋልት ስወጣ ነው።»

«ፒስታ ላይ መች ሰማንያ ትነጂና» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። «መጀመሪያ ጎማ ይጠየቅ።»

ጎማዎቹ «እኛ ምን አጠፋን?» ብለው አኮረፉ። ጎሚስታው አንድ በአንድ እያዞረ ሚዛናቸውን አስተካከለ። አርባ ደህና፣ ስድሳ ደህና፣ ሰማንያ ላይ ተንቀጠቀጠች።

«እንግዲያው ሞተር ይጠየቅ። ሰማንያ ስትደርሺ ከማርሽ አውጪና ልቀቂያት።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ከማርሽ አወጣች። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ መኪናዋ በራሷ እየተንከባለለች መንቀጥቀጧን አልተወችም። ሞተሩም «ስሜን በከንቱ ነው የምታነሱት» አለ።

«ካርዳኗ ናታ» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

ጎማዎቹ «ድሮም እሷ ናት» አሉ። ሞተሩ «እሷ ናት» አለ። አያ ካምቢዮ ዝም አለ፤ አያ ዲፈረንሻልም ዝም አለ። ያደገችው በመሃላቸው ነውና የሁለቱ ዝምታ ከሁሉም በላይ አመማት።

«ትውጣና ለቁራሌው ትሰጥልኝ፤ ሌላ እገዛለሁ» አለች ወይዘሮ እልፍነሽ። ቁራሌውም ጆንያውን ይዞ በር ላይ ቆመ። እሱ የወሰደው ብረት ተመልሶ እንደማይዞር ካርዳን ታውቃለች።

ጋሽ ሸዋንግዛው ከመኪናዋ ሥር ገብተው ሊፈቷት ቁልፋቸውን አነሱ። በእጃቸው ዳሰሷት፤ ቀጥ ያለች ናት። መገጣጠሚያዎቿን ነቀነቁ፤ አልላሉም። ነገሩ ገረማቸውና ግንበኞች ትተውት የሄዱትን ውሃ ልክ አስመጡ። መጀመሪያ አያ ካምቢዮ ላይ አስደገፉት።

«ይሄ ሰው ጎንበስ ብሏል» አለ ውሃ ልክ።

ቀጥሎ አያ ዲፈረንሻል ላይ አስደገፉት።

«ይሄኛው መሬት መሬት ነው የሚያየው። በዚያው ልክ ቀና ማለት ነበረበት።»

በመጨረሻ ካርዳን ላይ አጋደሙትና ውሃ ልክ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት።

ካርዳን ከተሠራች ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቃት የለም። እሷም የሆነውን ነገረችው።

«ከላይ ሰላምታ ይላካል፤ ከታች አይደርስም። የተላከው ሁሉ እኔ ላይ ይቀራል። እስከ ስድሳ እችለዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ቁልፋቸውን አስቀመጡ። አንድ ቀጭን የብረት ሽብልቅ ሞርደው ከባሌስትራው ሥር ሸጎጡ፤ የአያ ዲፈረንሻል አፍንጫም ቀና አለ።

«አያ ካምቢዮ፣ ለካ እዚያው ነዎት» አለ።

«ስንት ቀን ጠራሁህ፣ ልጄ» አለ ሽማግሌው። ሁለቱም በዚያን ጊዜ ዘይት አንጠባጥበዋል ይባላል።

ቁራሌው ባዶ ጆንያውን ይዞ ሄደ። መኪናዋ አስፋልት ወጣች፤ አርባ ደህና፣ ስድሳ ደህና፣ ሰማንያም ደህና። አያ ካምቢዮና አያ ዲፈረንሻል የከረመ ወሬያቸውን ቆላ እስኪደርሱ አወሩ። ጎማዎቹ ይቅርታ አላሏትም፤ ሞተሩም አላላትም። ካርዳን የሌሎችን ሰላምታ ይዛ ድምፅ ሳታሰማ ዞረች። ስትንቀጠቀጥ ሁሉም ስሟን ያነሳ ነበር፤ ደህና ስትሆን የሚያነሳት ጠፋ።

የኔ ወሬ እዚህ ላይ ቆመ። እናንተም ቤታችሁ ስትገቡ የሚንቀጠቀጥ ሰው ካለ፣ አውጥታችሁ ከመጣላችሁ በፊት በፊቱና በኋላው ያሉት ሰላም ይባባሉ እንደሆነ ተመልከቱ። የሚኳረፉት ሁለቱ ናቸው፤ የሚንቀጠቀጠው ግን መሃላቸው ያለው ነው።