ደህና እግሯን ያነሳችው ፍየል

ተረት ተረት፣ ጠጋ በሉና ስሙ። የአንዲት ፍየል የኋላ እግር ወለም ብሎ ድኗል፤ ግን በረገጠች ቁጥር ይከዳታል። ሣሩ አልቆ መንጋው ወንዝ ሊሻገር ነው፤ እሷ ምስኪን ለጅብ ልትቀር ነው።

ወንዙ ዳር በአንድ እግሯ የቆመች አንዲት ሽመላ አየችና፣ "እትዬ፣ እንዴት አይወድቁም?" አለቻት።

"ዝም ብዬ የቆምኩ መስሎሽ ነው? ቁርጭምጭሚቴ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ነው የሚውለው። ያንቺው ሥራ ፈቷል፣ ልጄ።"

ከዚያ ወዲህ ፍየል ደህናውን እግሯን እያነሳች፣ እየተንቀጠቀጠች በደካማው ትቆም ጀመር።

በግ ሳቀች፤ "ጉድ እኮ ነው! ደህናውን አንስታ በሽተኛውን ትረግጣለች!"

የመሻገሪያው ቀን፣ የወንዙ አንሸራታች ድንጋይ ላይ የፍየል ደካማ እግር እጥፍ ሊል ሲል ተመልሶ ቀጥ አለ። ተሻገረች።

በግም ከቁጥቋጦ ኋላ ግራ ቀኝ አየችና አንድ እግሯን ቀስ ብላ አነሳች።

ተረቴን ውሰዱ፣ የበግን ሐሜት ለእኔ ተዉልኝ።