«ትራፊክ አለ» ብሎ መብራት ያበራው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ሚኒባስ ይነዳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልብ በሉልኝ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ጎረቤት ሲቸገር ቀድሞ የሚደርስ፣ ሰፈሩ የሚወደው ሰው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ታላቅ እህቱን አያልነሽን ሊያመጣ ከተራራው ማዶ ወዳለው ከተማ ተሳፋሪ ጭኖ ሄደ። ሴት ልጁ በማግስቱ ክርስትና ትነሳለች፤ የክርስትና እናቷ አያልነሽ ናት።

መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊሶች ቆመው ይፈትሻሉ። ፈትሸው አሳለፉት። ትንሽ እንደሄደ አንድ የጭነት መኪና ከፊት ለፊቱ መጣ። ሰውየው ምን አደረገ? መብራቱን ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ! ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አትሳቁ! ታውቃላችሁ። «ትራፊክ አለ፣ ተጠንቀቅ» ማለት ነው።

የጭነቱ ሾፌር እጁን አውጥቶ አመሰገነው። ተሳፋሪዎቹም «ተባረክ! ሰው ማለት እንዲህ ነው» አሉት። መረቁት እኮ!

ለመሆኑ ያ መኪና ከትራፊክ ለምን ይሸሻል? የኋላ መብራት የለውማ! አንዱም አይበራም። ትራፊኮቹ ጋ ቢደርስ ያስቆሙት ነበር፤ «ሳታስጠግን አትንቀሳቀስም» ይሉት ነበር። አሁን ግን ወዳጅ አገኘ። አንድ ኩርባ ጋ ሲደርስ ዳር ያዘና ትራፊኮቹ እስኪሄዱ ይጠብቅ ጀመር። መኪና የቆመበት ሾፌር ሁሉ ከኋላው ቅጠል ቆርጦ ያስቀምጣል። እሱ ቅጠል እንኳ አላስቀመጠም። ለምን? የተበላሸ መስሏቸው እንዳይመጡበት ፈርቶ ነዋ!

ከዚያ ጉም ወረደ። ሰውየው እህቱን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ተሳፋሪ ጭኖ እየተመለሰ ነው። ጉሙ ሲወፍርበት ረጅሙን መብራት አበራ።

«አንተ፣ ነጭ ነጩን ብቻ እኮ ነው የማየው» አለችው አያልነሽ። «አጭሩን አታደርገውም? ቀስ በል እንጂ!»

«እታለሜ፣ ስንት ዘመን የነዳሁበት መንገድ ነው» አላት።

አያልነሽ ለሕፃኗ ያሰፋችውን ነጭ ቀሚስ ጭኗ ላይ ይዛለች። ኩርባውን እንደዞሩ ሚኒባሱ ከቆመው ጭነት መኪና ኋላ ገባ። ተሳፋሪዎቹ ተረፉ። እሱም ተረፈ። እሷ አልተረፈችም።

የጭነቱ ሾፌር ከጉሙ ውስጥ እየሮጠ መጣ። ሚኒባሱን ሲያይ አወቀው። «አንተ ነህ?» አለው። «ትራፊክ አለ ብለህ ያበራህልኝ አንተ ነህ?»

ወገኖቼ፣ ተናድጃለሁ። አልደብቃችሁም። ያቺን ሴት ማን ገደላት? ጉሙ ነው? «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እንዳትሉኝ! እኛ በእጃችን የሠራነውን በእግዚአብሔር አናሳብብ!

መብራት ለምንድን ነው? ልናይበት፣ ልንታይበት አይደለም? እኛ ግን ጥፋት መደበቂያ አደረግነው። ፊት ለፊት ለሚመጣ ሰው ዓይኑን እንዳናጠፋው ረጅሙን ዝቅ ማድረግ ይከብደናል፤ አጥፊ ለማስመለጥ ሲሆን ግን እጃችን እንዴት ይፈጥናል! ለዚህ የሚሆን መብራት ከየት መጣ?

መኪና የሌላችሁ፣ «ይኼ እኛን አይመለከትም» ብላችሁ ዘና አትበሉ። «ተባረክ» ያላችሁት እናንተ ናችሁ! ጎረቤታችሁ ሚስቱን ሲደበድብ ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ሲመጣ ግን «ዛሬ ይመጡብሃልና ተጠንቀቅ» ብላችሁ ትነግሩታላችሁ። ዘመዳችሁ ሲያጠፋ ትሸፍኑለታላችሁ። ከዚያ «እኔ ለሰው ደግ ነኝ» ትላላችሁ። ለማን? ለማነው ደጉ? ከኋላ ለሚመጣውስ?

ሕፃኗ በማግስቱ ክርስትና አልተነሳችም። ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። የመረቁት ተሳፋሪዎች መጥተው ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ፤ «አይዞህ» አሉት። ያን ምርቃታቸውን ግን አንዳቸውም አላነሱትም።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ግቢው በመኪና ሞልቷል። አንዳችሁ ግቡና ፍሬን ርገጡ፣ አንዳችሁ ከኋላ ቆማችሁ እዩ። ይበራል? የማይበራ ከሆነ ሳይሠራ ከዚህ ግቢ አይውጣ! ነገ መንገድ ላይም እጃችሁ ለዚያ ብልጭታ ሲሄድ፣ «ከዚህ መኪና ኋላ ማን እየመጣ ነው?» በሉ። እህታችሁ ልትሆን ትችላለች።

ባትሆንስ? ባትሆንም የሰው እህት ናት!