ለረምላ ቀን መቁረጥ

በአንድ ወቅት፣ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ በሚራገጡበት በአንዱ በጋ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ኑሪያ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ሙክታር አይሱዙ ይነዳል፤ ዛሬ ጅግጅጋ ነው፣ ነገ አዋሽ። ታላቅ እህቷ ዘይቱና ባሏ ከሞተ ወዲህ እነሱ ዘንድ ትኖራለች። የሦስቱም ዓይን የሚያርፈው አንዲት ልጅ ላይ ነበር። የኑሪያና የሙክታር ልጅ ናት፤ ረምላ ትባላለች፤ አምስት ዓመቷ ነው፤ ወሬኛ ናት፤ የሰፈሩን ፍየሎች በሙሉ ስም አውጥታላቸው በየስማቸው ትጠራቸዋለች።

ግን ቶሎ ይደክማታል። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሩጫ ትጀምርና መሀል ላይ ቁጭ ትላለች። ከንፈሯ ይገረጣል። ሐኪም ቤት ብትመረመር ታላሴሚያ የሚባል በሽታ ተገኘባት። ዶክተር ምንትዋብ ሦስቱንም አስቀምጠው አስረዷቸው፤ ከእናትም ከአባትም የወረሰችው ነው፤ ሰውነቷ የሚሠራው ደም አይጠናም፣ ቶሎ ይፈርሳል፤ የሌላ ሰው ደም ሲሰጣት ግን ትበረታለች።

«ታዲያ ለምን አይሰጣትም?» አለ ሙክታር።

«መስጠቱ አይደለም የከበደኝ፤ መቼ እንጀምር የሚለው ነው» አሉ ዶክተሯ። «አንዴ ከጀመርን በየወሩ ነው፤ ዕድሜ ልክ። ከደሙ ጋር ብረት ይገባና ልቧና ጉበቷ ላይ ይጠራቀማል። እሱን የሚያስወጣው መድኃኒት አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ከዘገየን ደግሞ አጥንቷ ቅርጹን ያጣል፣ ጣፊያዋ ያብጣል፣ ዕድገቷ ይቆማል። ደሟ በጣም ወርዶ ቢሆን ዛሬውኑ እንጀምር እል ነበር። ደህና ቢሆን እንጠብቅ እል ነበር። የረምላ ግን ድንበሩ ላይ ቆሟል። ውሎ አዳሯን የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ ተመካከሩና ኑ።»

ተመካከሩ። አልተስማሙም።

ዒድ ሲቃረብ ኑሪያ የረምላን ያምና ቀሚስ ከሻንጣ አወጣች። ስትሰፋው፣ ልጅ ያድጋል ብላ፣ ጫፉን ወፈር አድርጋ አጥፋው ነበር፤ ዘንድሮ ልትፈታው። አልብሳት መቀሱን ይዛ ተንበረከከች። የቀሚሱ ጫፍ እግሯ ላይ አሁንም ያምና ቦታው ነው።

«አትፈቺውም?» አለ ሙክታር።

«አያስፈልገውም» አለች። መቀሱን መሬት አስቀመጠች።

ሙክታር ሌላ ምልክት አልፈለገም። በማግስቱ መናኸሪያ ሄዶ ሾፌሮቹን ሰበሰበ። «ዘመዶቼ፣ ደማችሁን ነው የምፈልገው» አላቸው። ማንም ለምን አላለም። ተያይዘው ደም ባንክ ሄዱ። ከመሀላቸው ግዙፉ፣ ጎማ ብቻውን የሚያነሳው ሰው መርፌውን ገና ሲያይ ራሱን ሳተ፤ ውሃ ረጭተው ሲያነሱት ግን «አሁንም ውጉኝ፤ ወላሂ ሳልሰጥ አልሄድም» አለ። ደማቸው ከረምላ ደም ጋር የሚስማማ ሾፌሮች በተጠሩ ጊዜ ሊመጡ ቃል ገቡ። ሙክታር ቤት ገብቶ «ደሙ አለ። ቀሚሱን አይተናል። ልጄ እስክትወድቅ ቆሜ አላይም» አለ።

ኑሪያ ቀሚሱን ከማንም በላይ በጣቶቿ አውቃዋለች። ቢሆንም ራሷን ነቀነቀች። «ያንተ ሰዎች ደም ይሰጣሉ፤ ብረቱን ማን ያወጣላታል? ጀምረን መድኃኒቱ ቢጠፋስ? በገዛ እጃችን ልቧን ልንጎዳው ነው?» እሷም የስፌት መኪናዋን ሸፍና ረምላን ለእህቷ ሰጠችና አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈረች። ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው ዞረች፤ «የለም» ሲሏት «መቼ ይመጣል?» እያለች። በመጨረሻ ልጇ እንደ ረምላ የታመመባት አንዲት ሴት አገኘች። ሴትየዋ ቤቷ ወስዳ አሳደረቻት። «ከውጭ የሚልኩልን ሰዎች አሉ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የሚሆናትን እናካፍልሻለን» አለቻት። «ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል። እኔም የማድረው እንዲሁ ነው።» ኑሪያ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ዘይቱና ከማናቸውም ጋር አልወገነችም። ድሮ ያሲን የሚባል ልጅ ነበራት፤ እየገረጣ፣ እየገረጣ፣ ሕመሙ ስም ሳይወጣለት እጇ ላይ ያለፈ። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ሲከራከሩ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቀኑን የምትነግረን ረምላ ራሷ ናት። እስከተጫወተች እንያት፤ መጫወት ስትተው እንነሳ።»

ኑሪያ አዲስ አበባ፣ ሙክታርም ከአዋሽ ወዲያ ሳሉ፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ ፍየሎቹ በበሩ ሲያልፉ ረምላ አልጠራቻቸውም። ዘይቱና የቀትሩ ሙቀት ያወረደባትን ላብ ሳትጠርግ ተነሳች። የልጅቷን ግንባር ብትነካው ይፋጃል፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። አዝላት ወጣች፣ ባጃጅ አስቆመች፣ ሐኪም ቤት ደረሰች።

«ደሟ በጣም ወርዷል፤ አሁኑኑ መስጠት አለብን» አሉ ዶክተሯ። የእናትየው ስልክ አይሠራም፤ የአባትየውም ዝግ ነው። «ማን ይፈርማል?»

«ስጡኝ፣ እኔ እፈርማለሁ።» ዘይቱና አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ሾፌሮቹ የሰጡት ደም ጠብ፣ ጠብ እያለ ወረደ። እሷ የረምላን እግር በመዳፏ ይዛ ተቀመጠች። ቀስ በቀስ የልጅቷ ከንፈር ቀላ፤ ዓይኗን ገልጣ «አክስቴ፣ ራበኝ» አለች።

ወላጆቿ ሲደርሱ ኑሪያ የእህቷን ያንን ባለቀለም ጣት ይዛ ሳመችው። ሙክታር ጎንበስ ብሎ የልጁን ግንባር ሳመ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ፤ ትኩሳቱም ጠፋ። ዶክተር ምንትዋብ እንደገና ሦስቱን አስቀመጡ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ። ግን ልንገራችሁ፤ ያን ዕለት ደሟን ያወረደው ትኩሳቱ ነው። እሱን ይዤ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ነገር ጀምሩ አልልም፤ አትጀምሩ ብዬም አልከለክልም። አሁንም የቀረን ያው የቆየው ጥያቄያችን ነው፤ መቼ እንጀምር የሚለው። በሦስት ሐሳብ ግን ልጅ አይታከምም። ተስማሙና በአንዳችሁ ቃል እንሂድ።»

«በየወሩ ይሁን፣ ከአሁን ጀምሮ» አለ ሙክታር። «ደም ስታገኝ እንዴት እንደሆነች አየን፤ ከደረሰችበት ለምን እናውርዳት? ያ ደም ባይዘጋጅ ኖሮ ያን ዕለት ምን ይሰጧት ነበር?»

«የአንድ ዓመት መድኃኒት አለኝ፤ የዕድሜ ልክ የለኝም» አለች ኑሪያ። «የማይቋረጥ መንገድ እስካገኝ ጠብቁኝ። የምንጀምርላት ለአንድ ወር አይደለም፤ አግብታ እስክትወልድ ነው።»

«እኔ ቀን አልቆርጥም» አለች ዘይቱና። «ልጄን ያጣሁት ሕመሙን ማንበብ ሳላውቅበት ነው። ረምላን ግን ማንበብ አውቄያለሁ። አጠገቧ ልቀመጥ፤ ስትደክም አመጣታለሁ፣ ስትበረታ ተዉአት።»

ኑሪያ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች። ረምላ የሐኪም ቤቱን ደረጃ ያለ ዕረፍት ወጥታ ጫፉ ላይ ቆማ ትስቃለች። እንዲያ ስትወጣ አይታት አታውቅም። ያ የደሙ ብርታት ይሁን፣ የትኩሳቱ መልቀቅ፣ የእናት ዓይን ሊለይ አልቻለም። ባሏን አየች፤ እህቷን አየች። ሁለቱም የሚሉት ከልቧ ውስጥ የወጣ መሰላት፤ የራሷን ቃል ግን ልትተወው አልቻለችም።

ዶክተሯ እስክሪብቶ አንስተው እየጠበቁ ነው።

እናንተ ሰሚዎች፣ አባትየው ደም አዘጋጀ፣ እናትየው መድኃኒት ፈለገች፣ አክስትየው ሰዓቱን አወቀች፤ ደሙ ወይም ሰዓቱ ቢጎድል ረምላ ዛሬ ያንን ደረጃ አትወጣም ነበር፤ መድኃኒቱ ቢጎድል ነገ አትወጣውም። እስቲ ፍረዱ፤ ለረምላ ቀን መቁረጥ የሚገባው ለማን ነው?