ስማቸው የታጠበ ጠርሙሶች

አንድ ሰው ነበረ፤ የወይን ጠጅ ነገር አይሆንለትም። አውሮፓ ተምሮ ሲመለስ ሌላው መኪና ሲያመጣ እሱ የወይን ጠርሙሶች ይዞ መጣ። ወይን ጠጅ ሲቆይ እንደሚጥም እናንተም ታውቃላችሁ። እሱም ምድር ቤት አጋድሞ፣ አቧራ አልብሶ፣ እንደ ልጅ ይጠብቃቸው ነበር።

ከሁሉ የሚሳሳለት ቦርዶ ለሚሉት አንድ የፈረንሳይ ወይን ነው። ከጎኑ አንድ የስፔን አለ፤ እሱም የቆየ ነው፣ ግን ቦርዶውን አያህልም ይላል። ሁለተኛ ነው ማለቱ ነው።

አንድ ቀን አለቃውን አቶ ባሕሩን ራት ጠራ። ሹመት ፈልጓል። ወዳጆቹንም ጠራ፤ ከእነሱም አንዱ ዘርጋው ነው፣ አንድ ሰፈር ያደጉ፣ ከአንድ እፍኝ ቆሎ የቃሙ። ታዲያ ሰውዬው በልቡ ምን አለ? ቦርዶው ለአለቃዬ፣ የስፔኑ ለእነዘርጋው። አያችሁልኝ? አብሮ አደጉ ሁለተኛ ጠርሙስ ተመደበለት። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ማለት ይሄ ነው።

እንግዶቹ ገቡ፣ ማዕዱ ቀረበ። ሰውዬው ጠርሙሶቹን ሲያይ ልቡ ስንጥቅ አለ። ሁለቱም ያብረቀርቃሉ። ባለቤቱ ወይዘሮ ትርንጎ በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና ፈትጋ አጥባቸዋለች፤ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ተልጦ ሄዷል። ቁመታቸው እኩል፣ መልካቸው አንድ።

ጓዳ ጠርቶ በሹክሹክታ ወረደባት። እሷ ግን አልደነገጠችም።

«አቧራ የጠጣ ጠርሙስ ለሰው ላቀርብ ኖሯል? ደግሞስ ለማን ቢቀዳ ምን አለበት፣ ሁሉም እንግዶቻችን አይደሉም?»

ሰውዬው ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።

ባለቤት ሳይቀምስ እንግዳ እንደማይጠጣ ታውቃላችሁ። ሰውዬው በዚህ ተጽናና፤ ስቀምስ እለየዋለሁ አለ። ያረጁት ቡሾች እየተፈረፈሩ ተከፈቱ። ከአንዱ ቀመሰ፣ ከሌላው ቀመሰ፣ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ሁለቱም ጣፋጭ ናቸው። ስንት ዓመት ሲመጻደቅበት የኖረውን ቦርዶ አልለየውም።

ምርጫ አጣ፤ ከሁለቱም ለሁሉም ቀዳ።

ዘርጋው ቀመሰና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ወንድሜ፣» አለ፣ «ከአንድ ጠርሙስ ከጠጣን ስንት ጊዜያችን ነው? እዚህ ቤት በመጣሁ ቁጥር የእኔ ለብቻው ነበር የሚቀዳው።»

ያውቅ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቀ ይመጣ ነበር። ሰውዬው አፈረ፤ ከዚያም ተነሥቶ አንገቱን አቀፈው፣ ሁለቱም በእንባ ሳቁ። አቶ ባሕሩስ ምን አደረጉ? ወንበራቸውን ጎትተው ዘርጋው አጠገብ ተቀመጡ። እኔም በሄድኩበት ለብቻዬ እየተቀዳልኝ ሰለቸኝ አሉ፤ የልጅነታችሁን ንገሩኝ አሉ። ያ ቤት እንዲያ ስቆ አያውቅም።

ሹመቱስ ትሉኛላችሁ። እኔ አልጠየቅሁም፤ እሱም ያን ምሽት ረስቶታል።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ስንት ጠርሙስ ለይታችኋል? በማን ላይ ምን ወረቀት ለጥፋችኋል? ይሄ ትልቅ ሰው፣ ያ ተራ፤ ይሄ ይጠቅመኛል፣ ያ የትም አይሄድብኝም። ያ የትም የማይሄደው ሰው እኮ ያውቃል። እያወቀ ይመጣል፣ እየወደዳችሁ ይመጣል። አምላካችን ፀሐዩን ሲያወጣ፣ ዝናቡን ሲያዘንብ የማንን ደጅ ለየ? ለእናንተስ የቀዳላችሁ ከሁለተኛው ጠርሙስ ነው?

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ እንደ ትርንጎ ጨርቃችሁን አርጥቡ። የለጠፋችሁትን ሁሉ እጠቡት። ከዚያ ዘርጋውን ጥሩት፤ እናንተ ከምትጠጡት ቅዱለት።